ያልበረረችው ወፍ

ወድ ኤል ሒለው፣ ሱዳን
ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ከጉልበቴ፣ ከወገቤና ከቀሩት አራት ጥርሶቼ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው፤ ለዚህም ፈጣሪን አመሰግናለሁ። አንቺስ ጤናሽ እንዴት ነው? የስፌት መኪናሽስ? ባለፈው ፔዳሉ ይጮሃል ብለሽኝ ነበር፤ ዘይት አጠጪው፤ ዘይት ካጣሽ ስደቢው፤ የእኔ ሞተር በሁለቱም ይሠራል። ያቺ ሰላምታዋ ከቡራኬ የሚረዝመው አከራይሽ ደህና ናት? ባልሽ ባንታምላክስ እንዴት ነው? በብርድ እግሩ ይጠዘጥዘዋል ስላልሽኝ በየጠዋቱ ከወንዙ ላይ ነፋስ ሲነሳ እርሱን አስባለሁ። ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረብኝ እርሱን ነበር። መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ረስቼው አይደለም፤ ይህ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ስለ እርሱ ስለሆነ ነው።

ወረቀቱን የምታደርስልሽ ኡምሰልማ ናት፤ ደረቅ ዓሣዋን ይዛ ነገ በሎሪ ወደ እናንተ ወደ ገዳሪፍ ትነሳለች። ደብዳቤው ዓሣ ዓሣ ቢሸትሽ በእኔ አትፍረጂ። ስልክ የለም ወይ ትይኝ ይሆናል። መስመሩ ሲገኝ አለ። ነገር ግን ስልክ ላይ እኔ እቀልዳለሁ፣ አንቺ ትስቂያለሽ፣ ከዚያ ድምፁ ይቆረጣል፤ ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ወረቀት አይስቅልኝም፤ ስለዚህ ሳልወድ ቁም ነገር እናገራለሁ። ፊደሌ ቢጣመምብሽ ታገሺኝ። ከደብር ደጅ ቆሜ የሌላ ሰው ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ እየሰማሁ የለቃቀምኩት ነው፤ የተለቀመ እህል ደግሞ ጠጠር አያጣውም።

ጥምቀትን በሰላም አሳልፈናል። ከየእርሻው የመጣው ወጣት፣ ከስደተኞቹ ካምፕም የመጣው፣ ካህኑ ውሃውን ባርከው ሳይጨርሱ እየዘለለ ወንዝ ገባ። እኔ የጀልባዬን ሞተር አጥፍቼ፣ በረጅሙ እንጨት እየገፋሁ፣ ከዋናተኞቹ ውጭ በኩል ስጠብቅ ዋልኩ። ጉዕሽን ታውቂዋለሽ፤ ከሑመራ የመጣው፣ ዘንድሮ አዲስ ሞተር የገዛው ጎረምሳ። እንደ ፈረስ እየጋለበ መጣና በመካከላቸው ሊያልፍ ሲል እንጨቴን አግድሜ አቆምኩት። ወንዙን ገዝተኸዋል እንዴ አለኝ። ሞተርህን አጥፋና በእጅህ ቅዘፍ፣ ካልሆነም ዞረህ እለፍ አልኩት። ምን ፈርተህ ነው ሲለኝ እንጨቴን ከፊቱ አላነሳሁም። ዳር የቆመው ሰው ሁሉ «አቡ ተምሳሕ ፈራ!» እያለ ሳቀብኝ። አዎ፣ እስከ ዛሬ በዚህ አገር ስሜ አቡ ተምሳሕ ነው፤ የአዞው አባት። ሕፃናቱ ሳይቀሩ እንዲሁ ነው የሚጠሩኝ። በጠሩኝ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬ እነግርሻለሁ።

ድሮ እንዲህ እንዳልነበርኩ ካንቺ በላይ ምስክር የለም። እናትሽ መተማ ላይ አርፋ አንቺን በሰባት ዓመትሽ ወደዚህ ሳመጣሽ ውሃ ትፈሪ ነበር። ዋና ያስተማርኩሽ ከሥር ጠልቄ እግርሽን እየያዝኩ ነው። አዞ መጣ ብለሽ እየጮህሽ ስትሸሺ ሳታውቂው ዋናተኛ ሆንሽ። እኔ ሰው በድንጋጤ ይማራል ብዬ አምን ነበር። ሰው ከደነገጠ በኋላ የሚስቀውን ሳቅ የመሰለ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ያ ሳቅ ነው ያሳበደኝ።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልምጣ። ባንታምላክ የሰሊጥ መጋዘኑን ዘበኝነት ሊተው ነው አልሽኝ። ወደ ወንዙ ተመልሶ እንደ ድሮው ጠላቂ መሆን እንደሚፈልግ፣ አይሆንም ስትይው የመለሰልሽንም ሳትቀንሺ ጽፈሽዋል፤ «መሬት ላይ አንካሳ ነኝ። ውሃ ውስጥ አንካሳ የለም።» እውነቱን ነው። አንድ ሰው በዱላ ተደግፎ የሰው ሰሊጥ ሲጠብቅ መኖርና እንደ ዓሣ መገለባበጥ አንድ አይደለም። ከዚያ በታች ደግሞ እንዲህ አልሽኝ፤ «አጎቴ፣ እግሩን የነከሰው አዞ አሁንም እዚያው እንዳለ ጽፈህ ላክልኝ። በሚካኤል ማልልኝ። ከአንተ በቀር ማንም ቢነግረው አያምንም።»

ስምንት ቀን ሙሉ ደብዳቤሽን በኪሴ ይዤ ዞርኩ። ልዋሽልሽ አስቤ ነበር፤ መዋሸት እንደማይከብደኝ ታውቂያለሽ። ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። በመጀመሪያው ላይ አዞው ስድስት ክንድ ነበር፤ በሁለተኛው ዘጠኝ ክንድ ሆነና ሚስት አገባ። በሦስተኛው «በሚካኤል» ብዬ እንደጀመርኩ እጄ አልሄድ አለኝ። በሚካኤል ስም አንድ ጊዜ ምዬ አውቃለሁ። ያን መሐላ ነው የምነግርሽ።

የምታውቂውንም ቢሆን ከሥሩ ልናገረው፤ ከዘለልኩ አመልጣለሁ። ግድቡ ውሃውን ወደ ኋላ ከመለሰው ወዲህ እዚህ የግራሩ ጫካ በውሃ ሥር እንዳለ ቀርቷል። የዓሣ አጥማጆቹ መረብ በግንዱ እየተያዘ ይቀራል። ባንታምላክ እየጠለቀ የሚያላቅቀው እርሱን ነበር፤ ዋጋውም ከወጣው ዓሣ ሲሶ ነው። በዚህ ውሃ ላይ ባዶ ጀሪካን ተንሳፍፎ ብታዪ ከሥሩ መረብ ታስሯል ማለት ነው፤ ዞር ብለሽ ታልፊያለሽ። ጀሪካኑ ላይ ቀይ ጨርቅ ካለ ግን ከሥሩ ሰው አለ። ያን ጊዜ ባለጀልባ ሁለት መቶ እርምጃ ሲቀረው ሞተሩን አጥፍቶ፣ በእንጨት እየገፋ፣ የጠላቂው ራስ ከውሃ እስኪወጣ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ሕግ መንግሥት አላወጣውም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሱዳኑም ሐበሻውም ተስማምቶ ያከበረው ነው። የባንታምላክን ቀይ ጨርቅ ያዘጋጀሽው አንቺ ነሽ፤ ከሠርግሽ ቀሚስ ጫፍ ቀደሽ፣ ዙሪያውን በነጭ ክር ዘምዝመሽ። ከማዶ ሆኜ እንኳ ለይቼ አውቀው ነበር።

የእኔን ጨዋታም ታስታውሺያለሽ። ሳቢሳ፣ ያቺ ከከብት ኋላ የምትውለው ነጭ ወፍ፣ እዚህ ሥራ ቀይራ የመረብ ጀሪካን ላይ ቆማ ዓሣ ትጠብቃለች። ተሳፋሪዎቼ አብዛኞቹ ከጎንደር በኩል ለአጨዳ የወረዱ፣ ከጉልበታቸው በላይ ውሃ ያላዩ ሰዎች ናቸው። ጀልባ ላይ ሲወጡ ፊታቸው አመድ ይመስላል። እኔ እነሱን ለማሳቅ ወፏ የቆመችበትን ጀሪካን እመርጥና ሞተሩን ለቅቄ ቀጥ ብዬ እሄድባታለሁ። ሰዎቹ ማርያምን ይጠራሉ። ወፏ በመጨረሻዋ ቅጽበት ብር ትላለች፤ እኔም እጀታውን ጠምዝዤ ከጀሪካኑ ክንድ ሲቀረኝ አልፋለሁ። ከዚያ ያ ሳቅ ይመጣል። መንጠቆ ይዘው የተቀመጡትን ሽማግሌዎችም በማዕበል አርሼ፣ መስመራቸውን አወሳስቤ፣ እርግማናቸውን ሰምቼ እስቅ ነበር። አንቺ ተቆጥተሽኛል። ባንታምላክ ግን መቆጣት አያውቅም፤ አንድ ቀን መረብ እየተረተረ፣ ቀና ሳይል፣ «አጎቴ፣ አንድ ቀን ወፏ ትሰለችሃለች» ብሎኝ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት የኅዳር ሚካኤል ዕለት የዓሣ ነጋዴው ሙዳሲር ልጁን ሰሚያን ዳረ። ሙሽራውን ከማዶ በጀልባዬ እንዳመጣለት ለመነኝ። በእነሱ ቋንቋ ጀልባ መርከብ ነው፣ ባለጀልባውም ረይስ ነው፤ ያን ዕለት ከእኔ በላይ ረይስ አልነበረም። ጀልባዋን በዘንባባ፣ በባለቀለም ወረቀት፣ በተገኘው ነገር ሁሉ አስጌጥኳት። ፊቷ ላይ የሚውለበለብ ቀይ ነገር ብቻ ጎደለኝ። ወደ ቤታችሁ መጣሁ። ባንታምላክ በዓሉን አክብሮ ደጅ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ጨርቁን ስጠይቀው ዛሬ ስለማልጠልቅ ውሰደው አለኝ፤ ነገ ግን ሦስት ሰው መረቡ ተይዞበት ስለሚጠብቀኝ ጎህ ሲቀድ እፈልገዋለሁ አለ። በሚካኤል ስም፣ ጎህ ሳይቀድ ከእጅህ ይገባል አልኩት። አንቺ ከውስጥ ሆነሽ «የእሱ መሐላ በጆንያ ነው የሚሸጠው» አልሽ። ሦስታችንም ሳቅን። ሦስታችንም አብረን ስንስቅ ያ የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቆጥሬዋለሁ።

ሠርጉ አምሮ ዋለ። ከበሮው ጀልባዋ ላይ ተመታ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ጨርቅሽ ከፊት ተውለበለበ። እኔም ሙዳሲር ግቢ በልቼ፣ ጨፍሬ፣ እዚያው ምንጣፍ ላይ ተጋደምኩ።

ጎህ ቀደደ። እኔ አልነቃሁም።

ስነሳ ፀሐይ ሁለት ክንድ ወጥታለች። ወንዝ ዳር አሥራ አንድ አጫጆች ዕቃቸውን ተሸክመው ይጠብቁኛል፤ አለቃቸው ረፈደብን እያለ ይጮሃል። ጨርቁ እንደታሰረ ነው፤ አየሁት። ባንታምላክ ሲያጣኝ ተኝቶ ይሆናል አልኩ፤ እነዚህን አድርሼ ስመለስ እሰጠዋለሁ አልኩ። ሰው ሲረፍድበት ለራሱ የሚለው ነገር አያጣም። እርሱ ግን ሦስት ሰው ይጠብቀኛል ብሎኝ ነበር። ባንታምላክ ሰው እንዲጠብቀው የሚያደርግ ሰው እንዳልሆነ ካንቺ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ።

ወደ ግራሩ ጫካ ስንደርስ አንድ ጀሪካን ላይ ነጭ ነገር አየሁ። ሌሊቱን ከበሮ ሲጮህበት ያደረ ራስ፣ ፀሐይዋ ደግሞ በውሃው ላይ ፊት ለፊት። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ፣ እንዳለው የሚባል የጭልጋ ሰው፣ የጀልባዋን ከንፈር በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ «አያ፣ አደራህን፣ ልጆች አሉኝ» አለኝ። ዝም በልና ወፏን እይ አልኩት። ሞተሩን ለቀቅሁት።

ወፏ አልበረረችም።

ሌላ ጊዜ ሃያ ክንድ ሲቀረኝ አንገቷን ትመዝ ነበር፤ አልመዘዘችም። አሥር ክንድ ሲቀረኝ ሰለቸሁሽ እንዴ አልኳት፤ እንዲህ ብዬ በአፌ ተናግሬያለሁ፣ እንዳለው ሰምቶኛል። ከዚያ ቁልፎቹን አየሁ። ደረቱ ላይ ቁልፍ የተደረደረለት ወፍ አይቼ አላውቅም፤ ባንታምላክ ቀዩን ጨርቅ ቢያጣ ነጭ ሸሚዙን አስሮበት ኖሯል። እጀታውን ጠመዘዝኩት። ጀሪካኑን አልነካሁትም፤ ክንድ ሲቀረኝ አለፍኩት፣ እንደ ሁልጊዜው። ከሥር ግን አንድ ነገር ጓ አለ፣ እጀታውም እጄን መታው። ግንድ ስንት ጊዜ ነክቼ አውቃለሁ። ግንድ እንዲሆንልኝ ለመንኩ፣ የእህቴ ልጅ። በዕድሜዬ እንደዚያ አድርጌ የለመንኩት ነገር የለም። ዞሬ ሳይ የውሃው ቀለም ተለውጧል።

አዞ የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያወጣው እኔ አይደለሁም። እንዳለው ነው፤ ውሃውን አይቶ «አዞ! አዞ!» ብሎ ጮኸ። ልብሴን እንደለበስኩ ዘልዬ ገብቼ፣ ባንታምላክን ይዤ ወጥቼ፣ ጀልባዋ ላይ አስተኝቼ እግሩን በገዛ ቀበቶዬ ሳስር፣ አሥራ አንዱም ሰው አዞ ነው እያለ ያለቅስ ነበር። እኔም አዞ ነው አልኩ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ነበር።

ጤና ጣቢያ ያገኘችን ለተትንሳኤ ነበረች፤ ያቺ ከካምፑ የመጣችው፣ ቃሏ እንደ መርፌዋ የማይስት ነርስ። ባቱን አጥባ፣ ፋኖስ አስጠግታ፣ ሦስቱን ቁስል በጣቷ ለካች። ሦስቱም ቀጥ ያሉ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል። ቀና ሳትል ይህ አዞ ጥርሱን በማስመሪያ ነው ያሰለፈው አለች። ሦስት ጥርስ ብቻ ያለው አዞም ገጥሞኝ አያውቅም ብላ ጨመረች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። የጀልባዬ ሞተር ከሥሩ የሚሽከረከረው ብረት ስንት ክንፍ እንዳለው ታውቂያለሽ፤ ስንት ጊዜ አብረን ሣር አጽድተንለታል። ፖሊሱ ደግሞ ወረቀቱን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ያን ጊዜ ስለ እግሩ አላሰብኩም። ጀልባዬን እንደሚወስዷት፣ እኔን ከድንበሩ ወዲያ እንደሚጥሉኝ፣ ወዲያም ጥይት እንዳለ፣ ይህን ነው ያሰብኩት። አፍሬ እጽፈዋለሁ።

ባንታምላክ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ፖሊሱን አየ፣ ቀጥሎ አንቺን፣ ፊትሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ ከግድግዳው ሥር ተቀምጠሽ ነበር። መጨረሻ ላይ እኔን አየ። ከዚያ ቃል በቃል እንዲህ አለ፤

«አዞ ነው። ዓይኑን አይቸዋለሁ።»

ሲናገር ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በእኔና በእርሱ መካከል ስለዚያ ጠዋት አንዲት ቃል አልተነገረችም። እኔ ፍርሃቴን እንዲያውቅ አልፈለግሁም፤ እርሱ ደግሞ፣ እንደሚመስለኝ፣ አንቺ ከእኔ በቀር ዘመድ እንደሌለሽ አስቦ ነው። አባትም እናትም ያጣች ሴት አጎቷን ደግሞ አትጣ ብሎ እግሩን ሰጠልኝ። እኔ ምን አደረግሁበት? ወሬ አደረግሁት። ሰው በጠየቀኝ ቁጥር አዞው አንድ ክንድ ይጨምር ነበር። እዚህ ሱግ የሚሉት ገበያ ውስጥ በሻይ ያስወሩኝ ነበር፤ ዓይኑን ቀይ አደረግሁት፣ ጅራቱን ጀልባ እንዲገለብጥ አደረግሁት፣ በጡጫ እንደመታሁትም ተናግሬያለሁ። ሁሉም ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ይስቃል። በዓመቱ ሰዎች አንድ አዞ ገድለው በገመድ እየጎተቱ ከደጄ አመጡልኝ፤ ይህ ነው ወይ አሉኝ። ከቁመቴ የማይበልጥ፣ ገና ልጅ ነው። ይህ ነው አልኩ። አጨበጨቡልኝ። የሰው ምስክርነት አጥቶ የሞተ እንስሳ ካለ እርሱ ነው።

ይህን ሁሉ ግን ከእኔ ጋር ወደ መቃብር እወስደው ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ። ያላስቻለኝ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ወንዝ የሚዋኝ ሰው የሚፈራው አዞ ብቻ ሆነ። ሞተር የሚፈራ የለም። እናቶች ልጆቻቸውን ከሸምበቆው ሥር አትሂዱ፣ አዞ አለ፣ መካከል መካከሉን ዋኙ ይላሉ፤ መካከሉ ደግሞ የጀልባ መንገድ ነው። በእኔ ወሬ ሰውን ከዳር አንስቼ ወደ ብረቱ ገፋሁት። ጉዕሽ በጥምቀት ዕለት ምን ፈርተህ ነው ያለኝ ለዚህ ነው፤ ምን እንደምፈራ ስላልነገርኩት። የሚጋልብበትን ጋለባ ከማን ተማረው? አሁን እርሱም ወፍ ማስነሳት ጀምሯል፣ የእህቴ ልጅ። ባለፈው ሳምንት አየሁት። ተሳፋሪዎቹ ማርያምን ጠሩ፣ ወፏ በረረች፣ ሁሉም ሳቁ። እኔ ዳር ቆሜ ነበር፤ ደረቅ አሸዋ ላይ ተቀመጥኩ።

እኔ አሁን የምሄደው እንደ ኤሊ ነው። ጀሪካን ካየሁ፣ ጨርቅ ኖረውም አልኖረውም፣ ነጭም ይሁን ቀይ፣ ወፍም ትሁን ሸሚዝ፣ ሞተሩን አጠፋለሁ። በመንጠቆ አጥማጆቹ ኋላ በኩል አልፋለሁ፤ መስመራቸውን አላቋርጥም፤ ማዕበል አላስነሳም። ሽማግሌዎቹ ታመምክ እንዴ ይሉኛል። ተሳፋሪዎቹ በእግራችን ብንሄድ ይሻለን ነበር እያሉ ወደ ጉዕሽ ሄደዋል። ይሂዱ።

እንግዲህ የጠየቅሽኝን መልስ ልስጥሽ። አዞው አለ ብዬ አልጽፍልሽም፣ በሚካኤልም አልምልልሽም። ባንታምላክ መምጣት ከፈለገ ይምጣ። ወንዙ ምንም አላደረገውም።

አንድ ነገር ግን ስምንቱን ቀን ሲከነክነኝ ከረመ። ያን ቁስል አራት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ ያጠብሽው አንቺ ነሽ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ጨርቅ ስትለኪ የኖርሽ፣ በዓይንሽ ብቻ ጣት የማይስትሽ ሴት ነሽ። ለተትንሳኤ በአንድ ጊዜ ያየችውን አንቺ በአራት ወር... ተይው። አንድ ጊዜ ብቻ ጨርቄ የት ገባ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አዞው ዋጠው አልኩሽ። ተነስተሽ እራት አቀረብሽልኝ። ያን እራት እስከ ዛሬ አልዋጥኩትም። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው፣ ማልልኝ ያልሽኝ ለእርሱ ይሁን ለራስሽ መለየት አቃተኝ። መልስልኝ አልልሽም።

ኡምሰልማ ነገ እንደተነሳች ወንዝ ዳር ወርጄ ለጉዕሽና ለሌሎቹ ባለጀልባዎች ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። ቀጥሎ ለሙዳሲር። ፖሊስም ከጠየቀኝ ለፖሊስ። የሚመጣው ይምጣ፤ ሸምግያለሁ፣ ድንበሩም እንደ ድሮው አያስፈራኝም። ባንታምላክ ሲመጣ የሞተሩን እጀታ የሚይዘው እርሱ ነው። እኔ ከፊት እቀመጣለሁ፤ ከፊት የሚቀመጥ ሰው ሥራው ማየት ብቻ ነው፣ ቶሎ መማር የነበረብኝም እርሱን ነበር። መጥለቅ ካማረውም ይጥለቅ፤ እንጨቴን ይዤ ከጀሪካኑ ጎን እቆማለሁ፣ ራሱ እስኪወጣ ማንም በዚያ አያልፍም። ፊቴን ማየት ካልፈለገ ደግሞ ጀልባዋም ሞተሩም የእርሱ ናቸው፤ ባሱንዳ በኩል የማሽላ አጨዳው አላለቀም ይላሉ፣ እኔ ወደዚያ እሄዳለሁ። ደብዳቤውን አንብቢለት፤ ወይም አታንብቢለት። በዚህ ላይ አንቺ ዳኛ ነሽ።

ከወረቀቱ ጋር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አለ። ኡምሰልማ ምን እንደሆነ አታውቅም። ሁለት ዓመት ከመፍቻዎቼ ሥር አስቀምጬው ስለነበር አንዱ ጥጉ ላይ ያለውን ጥቁረት እንዳትሳቀቂበት፤ የሞተር ዘይት ነው፣ ሌላ አይደለም። በሳሙና አጥቤው አልለቅ አለኝ። ዙሪያው የዘመዘምሽው ነጭ ክር ግን አንድም ቦታ አልተተረተረም። ጎህ ሳይቀድ ይደርስልሃል ብዬው ነበር። ለባለቤቱ ስጪልኝ።

እግዚአብሔር የባልሽን እግር ያጽናለት፣ ጣቶችሽን ከመርፌ ይጠብቅ፣ ቤታችሁን ሳቅ አይንሳው። ከጦርነቱም ከበሽታውም ይከልላችሁ። እኔን በጸሎትሽ አስቢኝ ማለት አልደፍርም፤ ሻማ ስታበሪ ግን ለሚካኤል አንድ ዕዳ እንደዘገየብኝ ንገሪልኝ።

ከጀልባዋ ፊት ቦታውን ይዞ የሚጠብቃችሁ፣

አጎትሽ